ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት የታሪክ ጥራዝ

በደሴ ፒያሳ ለተማሪዎች ማስታወሻ እያባዛ ከሚሸጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከነጭ አሠሪዎቻቸው ጋር ስለነበራቸው የሥራ ግንኙነት የሚተርክ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ጥራዝ በ150 ብር ገዝቻለሁ። ብሩ አልቆጨኝም፤ ይሁንና መታረም ያለባቸው ጉድለቶች አሉት።

ጠንካራው ክፍል ስለ ሥራ ውል የሚያትተው ነው። ባርነት በተሻረበት እ.ኤ.አ. በ1865 የሚሲሲፒ ግዛት ባወጣቸው ሕጎች ነፃ የወጣ ሰው በየጃንዋሪው ሥራ ወይም መኖሪያ እንዳለው የሚያሳይ ጽሑፍ መያዝ ነበረበት፤ ውሉን ሳይጨርስ ከለቀቀ እስከዚያ ዕለት የሠራበትን የዓመቱን ደመወዝ ያጣል፤ በቦዘኔነት ተቀጥቶ መቀጫውን መክፈል ካቃተው ደግሞ ጉልበቱ መቀጫውን ለሚከፍልለት ሰው ይከራያል። ጥራዙ ይህን በሚገባ ያስረዳል። የሚያሳስተው፣ ዓመታቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» አለመባሉ ነው፤ እኔስ 1865ን ምኒልክ ከመቅደላ ካመለጡበት ዓመት ጋር አዛምጄ ያዝሁት።

ትርጉሙ የሚሰናከለው እርሻው ላይ ነው። «የምርት ሽርክና» እያለ የሚጠራውን የወሎ ገበሬ «የእኩል» ይለዋል፤ ይህች አንዲት ቃል ብትገባ ኖሮ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ባላስፈለገ ነበር። ባለመሬቱ መሬት፣ በቅሎና ዘር አቅርቦ ብዙ ጊዜ የምርቱን ግማሽ ይወስዳል። አራሹ እስከ አዝመራ የሚበላውንና የሚለብሰውን ግን በከባድ ወለድ በዱቤ ስለሚወስድና መዝገቡም በባለሱቁ ወይም በባለመሬቱ እጅ ስለሆነ፣ ጥጡ ተሸጦ ሒሳብ ሲተሳሰብ ባለዕዳ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ነበር።

ከሁሉ የከፋኝ አዘጋጁ ነፃ የወጡትን ሰዎች ዝም ብለው እንደተቀበሉ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው በአለቃ ጅራፍ ሥር በቡድን መሥራትን እምቢ ብለው፣ ከቤተሰባቸው ጋር ለብቻ የሚያርሱት ማሳ ስለፈለጉ፣ ባለመሬቶቹም ደመወዝ የሚከፍሉበት ጥሬ ገንዘብ ስላጠራቸው ነበር ወደ እኩል እርሻ የተገባው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአትላንታ ልብስ አጣቢ ሴቶች የዋጋ ጭማሪ ጠይቀው ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማም አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ናሙና ውል የታተመበት ገጽ ቀለሙ ደብዝዞ አይነበብም ነበር፤ መልሼ ስወስደው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አባዝተው ተክተውልኛል።