220 ያልኩት ምድጃ 247 ገባ፣ አላርሙ ግን ጭጭ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ተርሞስታት ሲሞትብኝ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ ገዛሁ። ፊቷ 48 በ48 ሚሊሜትር ነው፣ ከላይ ያለው ቁጥር የምድጃውን ሙቀት ያሳያል፣ ከታች ያለው እናንተ ያዘዛችሁትን። ዋጋዋ ከአንድ ኩንታል ዱቄት በታች። ሁለት ወር ሠርቼባታለሁ፣ ወድጃታለሁም። ግን ከካርቶን እንደወጣች የሚያበራት ሰው ጉድ ይሆናል። እኔ ሆኛለሁ።

ገና ሳልገጥማት ሴንሰሯን የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተትኩት። ውሃው እየተንተከተከ ቁጥሩ 92 ላይ ቆመ። ሸወዱኝ ብዬ ይዣት ተመለስኩ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ እኮ ውሃ 100 አይደርስም። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ 92 ላይ ይፈላል።» አፈርኩ። ለዚህ ልጅ አምስት ኮከብ። የኬ ታይፕ ሴንሰር (የኔዋ ሙቀት የምትለካበት ዓይነት) ሁለቱ ገመዶች ከተገለበጡ ምድጃው ሲሞቅ ቁጥሩ እንደሚወርድም የነገረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ምድጃውን 220 ላይ አደረግኩ፣ አላርሙን ደግሞ 240 ብዬ ሞላሁት። ከ240 ካለፈ ይጮኻል ብዬ ነዋ! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዙር ዳቦ ገባ። ሙቀቱ 247 ደረሰ፣ ዳቦው ከላይ ከሰል ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣ፣ አላርሙ ግን ትንፍሽ አላለም። ጠዋት ደወልኩ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ልዩነት ነው የሚቆጥረው፣ 240 ሲሉት 220 ላይ ይደምረዋል።» ማለትም የሚጮኸው 460 ላይ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ! 20 ብዬ አስተካከልኩት። የአላርሙን ዓይነት ወደ ቁርጥ ቁጥር መቀየርም ይቻላል፣ ግን ያኔ ለኬክ ወደ 180 ስታወርዱት አላርሙ እዚያው 240 ላይ ይቀራል። እኔ ልዩነቱን መረጥኩ። ደግሞ አላርሙን ለጩኸት ብቻ አትተዉት። ኮንታክተር (በመቆጣጠሪያዋ ትእዛዝ ለምድጃው መብራት የሚሰጠውና የሚቆርጠው ማብሪያ) ተጣብቆ ከቀረ መቆጣጠሪያዋ ብታጠፋውም ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ምድጃውን የሚያሞቀው ሽቦ፣ መጋሉን አያቆምም፣ ስለዚህ በአላርሙ መውጫ ዋናውን መስመር የሚቆርጥ ሌላ ኮንታክተር አስገጥሜያለሁ።

ኮንታክተር ካልኩ አይቀር፣ የኔዋ በ2 ሰከንድ ዙር ተሞልታ ነው የመጣችው፣ ማለትም በየ2 ሰከንዱ ኮንታክተሩን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ልክ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። 2 ሰከንድ የሚሆነው ለኤስ ኤስ አር (ቀጭ የሚል ነገር ለሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ነው። ለኮንታክተር 20 አድርጉት፣ አለዚያ በወራት ውስጥ ይበላዋል።

247 ድረስ የወሰደውን ደግሞ የፈታው ኦቶ ቲዩኒንግ ነው። «SET» የሚለውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ኤቲዩ (ATU) የሚል ጽሑፍ ሲመጣ 0ን ወደ 1 መቀየር፣ በቃ። ምድጃውን ከ220 ከፍ ዝቅ እያደረገች ጠባዩን ታጠናና ሙቀቱን እንዴት እንደምትቆጣጠር የሚወስኑትን ፒ፣ አይ እና ዲ የሚባሉ ቁጥሮች ራሷ ትሞላለች። የፋብሪካዎቹ 30፣ 240 እና 60 ነበሩ፣ የኔው ምድጃ 14፣ 612 እና 153 ሆነ። የኔን አትገልብጡ፣ የእናንተ ምድጃ የእናንተ ነው። በመጀመሪያ በባዶ ምድጃ አድርጌው ትሪዎቹ ሲገቡ ተዛባ፣ ስለዚህ ምድጃው እንደ ሥራ ቀን ሞልቶ ይሁን። በሁለተኛው ሙከራ መሃል ላይ መብራት ሄደ (መቼም አይቀርም)፣ ከዜሮ ጀመርኩ። ሦስተኛው ተሳካ። አሁን ከ220 ቢወጣ ሁለት ዲግሪ ነው።

አንድ ኮከብ የምቀንሰው ለማኑዋሉ ነው። አንድ የታጠፈች ወረቀት፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር የሚያክል፣ እንግሊዝኛውም ግራ የገባው። ሱቁ እነዚህን አምስት ነገሮች በአማርኛ ጽፎ ቢያያይዝ ምን ነበረበት? እኔ ቁጥሮቼን ፕላስተር ላይ ጽፌ ፓኔሉ በር ውስጥ ለጥፌያለሁ። ቁጥሮቹ እንዳይነኩ ሎክም አድርጌያታለሁ፣ ምክንያቱም ጋጋሪያችን ሲቸኩል 220ን 260 ማድረግ ዳቦውን የሚያፋጥን ይመስለዋል።