ቪዲዮው ይቅርብኝ፣ የተበላሸውን ክላስተር ስጡኝ

ለክላውድ መሐንዲሶች የተዘጋጀ የኦንላይን ስልጠና ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ስገዛው ለቪዲዮዎቹ ብዬ ነበር። እስካሁን ያቆየኝ ግን ማስታወቂያው ላይ በአንዲት መስመር ብቻ የተጠቀሰ ነገር ነው። የብልሽት ልምምድ ይሉታል።

ልምምዱን ስትከፍቱ መመሪያ ብሎ ነገር የለም። «ደንበኞች ገጹ አልከፈት አለን እያሉ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገርና ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር ተርሚናል ብቻ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። የኩበርኔቲስ ክላስተር ነው፤ ፕሮግራሞችን በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስ ሥር አብረው የሚሰሩ ማሽኖች ስብስብ ማለት ነው። ፖዶቹን፣ ፕሮግራሙ የሚሰራባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ ስታዩ ሁሉም «ራኒንግ» (እየሰራሁ ነው) ይላሉ። ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ንጹህ ነው። ጥያቄን ወደ ፖዶቹ የሚያደርሰው ሰርቪሱም አለ። ጥያቄ ስትልኩ ግን ማንም አይመልስም። ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ዲኤንኤስ ትጠረጥራላችሁ። ኔትወርኩን ትጠረጥራላችሁ። ፖዶቹን አጥፍታችሁ እንደገና ታስነሳላችሁ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የሰርቪሱን ኢንድፖይንት፣ ጥያቄ የሚልክላቸውን ፖዶች ዝርዝር፣ ስታዩ ባዶ ነው። ፖዶቹ ላይ የተለጠፈው ሌብል (መለያ) «ዌብ-ኤፒአይ» ይላል፤ ሰርቪሱ የሚፈልገው ደግሞ «ዌብኤፒአይ» ነው። አንዲት ሰረዝ! ሰርቪሱ ፖዶቹን የሚለየው በሌብላቸው ነው፤ ካልገጠመለት ማንንም አያገኝም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀይ ነገር አይበራ፣ ስህተት ነው ብሎ የሚጮህ የለ።

ሌላው የኤደብሊውኤስ፣ የአማዞን ክላውድ፣ ነው። ሰርቨሩ ይሰራል፣ የሰርቨሩ አጥር የሆነው ሴኪዩሪቲ ግሩፕ የድረ ገጽ መግቢያውን ፖርት 443ን ከፍቷል፣ ግንኙነቱ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጉዱ ያለው ሰርቨሩ ያለበትን ንዑስ ኔትወርክ የሚጠብቀው ሁለተኛ አጥር፣ ኔትወርክ ኤሲኤሉ፣ ላይ ነው። ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ያስገባውን ጥያቄ ያስታውሳል፣ መልሱን በራሱ ያሳልፋል። ኔትወርክ ኤሲኤል ግን ማስታወስ አልፈጠረበትም። ጥያቄው እንዲገባ ፈቅዳችሁ፣ መልሱ የሚወጣባቸውን ከ1024 እስከ 65535 ያሉ ፖርቶች ካልከፈታችሁለት መልሱ እዚያው ይቀራል። ይህን በቪዲዮው ሰምቼዋለሁ፣ «ስቴትለስ» (የማያስታውስ) ምናምን እያሉ። የገባኝ ግን ልምምዱ በደንብ ካበሸቀኝ በኋላ ነው።

የሽያጭ ሰዎቹ ታዲያ ይህን አይሸጡም! ገጻቸውን ብትከፍቱ የቪዲዮው ሰዓት ብዛት፣ የኮርሱ ብዛት ነው የሚደረደርላችሁ። ወንድሜ፣ የሰዓቱን ብዛት ምን ላድርገው? የኩበርኔቲስ ኮርሳችሁ ዛሬም ፖዶች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይወስን የነበረውን ፖድ ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ያስተምራል። እሱኮ በ1.25 ስሪት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ተወግዷል። መምህሩ እንዳለው ብትጽፉ አዲሱ ክላስተር «እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም» ይላችኋል። መምህሩ ግን በፈገግታ ይቀጥላል። «ኮርሶቻችን በየጊዜው ይታደሳሉ» ልትሉኝ ነው አይደል? ከሽፋኑ ፎቶ ሌላ ምኑ ታደሰ?

«ሁሉም በነጻ አለ እኮ፣ ምን አስከፈለህ?» የሚሉኝም አሉ። ማንበቢያውማ በነጻ ሞልቷል። የኩበርኔቲስ ኦፊሴላዊ ሰነድ የዚህን መድረክ ቪዲዮ በሙሉ ያስንቃል። እኔ የምከፍለው ግን ሌላ ሰው ተንኮል አስቦ ላበላሸው ነገር ነው። ራሴ ያበላሸሁትን ራሴ ባገኘው ምኑ ልምምድ ይሆናል?

ደግሞም በራስ አካውንት መለማመድ ነጻ አይደለም። ናት ጌትዌይ (የውስጥ ሰርቨሮችን ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው) አንድ ባይት ባያልፍበትም በሰዓት ይቆጥራል። ኤደብሊውኤስ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለፐብሊክ አይፒቪ4 (ከኢንተርኔት ለሚደረስበት) አድራሻም በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል። ሲያዩት ምንም አይደለም፤ ከፍቶ የረሳ ሰው ግን ወር ሲሞላ ሂሳቡ ይጠይቀዋል። መድረኩ የሚሰጠው ጊዜያዊ አካውንት ሰዓቱ ሲያልቅ ከነምናምኑ ይጠፋል። እንቅልፍ አይነሳም።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ሲኬኤ የሚባለው የኩበርኔቲስ ፈተና የምርጫ ጥያቄ የለውም። 2 ሰዓት ተርሚናል ላይ ትሰራላችሁ፣ ማለፊያው 66 በመቶ ነው። መድረኩ ለእሱ ማዘጋጃ ብሎ የደረደረው ግን «ከሚከተሉት የቱ ትክክል ነው?» ዓይነት ጥያቄ ነው። ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ፈተናው ክፍል ግን የገባ ሰው አይመስለኝም። ያንን ሁሉ ጥሩ የብልሽት ልምምድ ይዘው ተማሪውን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ማስመረጥ!

ሌላው ሌላው ደህና ነው፤ ስልክ ላይም ይከፈታል፣ ክፍያውም አያስቸግርም።

ደንበኝነቴን አድሻለሁ፣ በወር በወር ግን። የዓመቱን ቅናሽ በኢሜይል እየደጋገሙ ይልኩልኛል፤ አልፈልግም። አዲስ የብልሽት ልምምድ በጨመሩበት ወር እከፍላለሁ፣ ቪዲዮ ብቻ በጨመሩበት ወር አልከፍልም።