«ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ስትባሉ ማስረጃ ሳታዩ ቴስታታ አታስወርዱ

ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ራስ) አስወርጄ፣ ጓርኒሲዮን (በእሱና በሞተሩ አካል መሐል ያለውን ማሸጊያ) ለማስቀየር 42 ሺህ ብር ከፍዬ መኪናዬ እንደበፊቱ ውሃ ታፈላ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው አንድ ትንሽ ሪሌ (ለራዲያተሩ ፋን መብራት የሚልክ ማብሪያ) እና የራዲያተር ክዳን ላይ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 3 ሺህ ብር አልሞሉም። የሌላ ሰው ገንዘብ በዚሁ መንገድ እንዳይበላ ነው የምጽፈው።

መኪናዬ የ2003 ቪትዝ ናት። የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም። ሞተሩ ገና ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ቀይ መብራት ታሳያለች፤ በመሐል ያለውን አትናገርም። ስለዚህ ቀዩ ሲበራ ነገሩ አልፎ ነው የምታውቁት። መገናኛ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ቀዩ በራ። ዳር ይዤ አጠፋሁ፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ውሃ ሞላሁና ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳ ምንም አላለችም። በማግስቱ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ደገመችው። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ቆማ ትግላለች፣ ስትሄድ ትበርዳለች።

የወሰድኳት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «ወንድሜ፣ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ መውረድ አለበት። እንዲህ ብትነዳት ሞተሩ ይነክሳል» አለኝ። ሞተሩን አስነስቶ አላየም፣ የዘይት ክዳኑን አልከፈተም። እኔም ሞተር ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል) ሲባል ደነገጥሁና ተስማማሁ። ስድስት ቀን ቆየች። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካክሏል ተባለ። ቴርሞስታቱም (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) «እሱ ለበረዶ አገር ነው» ተብሎ ወጥቶ ተጣለ። የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን አሳዩኝ ስል «ተጥሏል»፤ ደረሰኝ ስል «ስትመለስ»። መኪናዋን ከተረከብሁ በአራተኛው ቀን ቀዩ መብራት ተመልሶ በራ። ጋራዡም «እንግዲያው ራዲያተሩ ነው» ብሎ ሌላ 18 ሺህ ጠየቀኝ።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ቆማ ነው የምትሞቀው ወይስ ስትሄድ?» ቆማ ነው አልኳቸው። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን አስከፈቱኝ፤ ፋኑ ዝም አለ። ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ሲያገናኙት ዞረ። ስለዚህ ፋኑ ደህና ነው፣ መብራት የሚልክለት ነው የሞተው። ሪሌውን ቀየሩት፣ ሥራው አለቀ። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፤ ሲቆም ግን ከፋኑ በስተቀር የሚያበርደው የለም። ሰልፍ ውስጥ ብቻ የምትግል መኪና መጀመሪያ የምትታየው ፋኗ፣ ፊውዟና ሪሌዋ ነው። በተቃራኒው እንደ አባይ በረሃ ባለ ረጅም ዳገት ወይም በፍጥነት መንገድ ላይ የምትግል ከሆነ ጥርጣሬው የተዘጋ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ላይ ይሆናል።

ክዳኑን ሲያነሱት ደግሞ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ፣ ስፕሪንጉ ላልቶ ነበር። እኔ ክዳን ማለት ውሃው እንዳይፈስ የሚዘጋ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ያስረዱኝን ሁሉም አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ቶዮታዎች ፋን የሚነሳው ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ የሚይዘው ግፊት ነው። ያ ግፊት ሲያዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ክዳኑ ከላላ ግን ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላና ወደ ሪዘርቩ (ትርፍ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ዕቃ) ይገነፍላል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል። ይህን የሚያይ ሰው «ውሃ እየጨረሰች ነው፣ ጓርኒሲዮን ነው» ቢላችሁ ታምኑታላችሁ።

ቴርሞስታቱንም ጋሼ መልሰው አስገቡልኝ። የእኛ አገር ሙቀት ስለሆነ አያስፈልግም የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ሲሞቅ ለራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውም፣ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ የሚዘጋውም እሱ ነው። ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል።

ጓርኒሲዮን በእውነት አይቃጠልም ማለቴ አይደለም። ሞተር ደጋግሞ ሲግል የአልሙኒየም ቴስታታ ይጣመማል፣ ስለዚህ ቀዩ በርቶ «ቤት ልድረስ» ብላችሁ አትንዱ። ግን ሲቃጠል ምልክት አለው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። የራዲያተሩ ላይኛ ቱቦ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይጠነክራል። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ይነጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አያቆምም። ሁሉም አንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ለእርግጠኝነት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ይለካል፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያም አለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲገባበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። አንዱንም ሳያሳይ ቴስታታ ይውረድ ለሚል ሰው ቁልፉን አትስጡ።

ሌላው ሥራው ሳይጀመር የምትነጋገሩት ነው፤ የወጣው ዕቃ ሁሉ እንዲመለስላችሁ፣ ክፍያውም በደረሰኝ እንዲሆን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔ ያን ወረቀት ሳልይዝ ስለከፈልኩ አቤቱታ ለማቅረብ ስነሳ በእጄ ምንም አልነበረኝም። ጋራዡም ስልኬን አያነሳም።

ክዳኑን ራሳችሁ ለማየት የምትሞክሩ ካላችሁ፦ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲላላ የፈላው ውሃ ተወንጭፎ ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጨርቅ ይዛችሁም ቢሆን አትሞክሩት።