የመረጋጊያ ጥጉን ላዘጋጁልን መምህርት ምስጋና፣ ባለሙያ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ለትምህርት ቤታችን የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የመረጋጊያ ጥግ፣ ማለትም የተናደደ ወይም የተከፋ ልጅ ገብቶ ስሜቱን የሚያበርድበት የክፍል ጥግ፣ ያዘጋጁልንን የልዩ ፍላጎት መምህርት እኛ መምህራንና ወላጆች ከልብ እናመሰግናለን። እጃቸው ይባረክ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር እንናገራለን። የመረጋጊያ ጥግ ሲባል ለብዙ ሰው ትራስና ባለቀለም መብራት ገዝቶ መደርደር ይመስለዋል፤ እሳቸው የሠሩት ከዚያ በጣም የራቀ ነው።

ሥራውን የጀመሩት ከዕቃ ሳይሆን ከቦታ ነው። በር አጠገብ ያለውን ጥግ አልፈለጉትም፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ሊረጋጋ የነበረ ልጅ እንደገና ይረበሻል። መስኮት ሥር ያለውንም የውጭ ጫጫታ ስለሚገባበት ተዉት። የመረጡት በሁለት ወገን ግድግዳ የከለለው፣ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሆን ቦታ ነው። በሦስተኛው ወገን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው መደርደሪያ አቁመው ከግድግዳው ጋር በብሎን አሠሩት፤ የተናደደ ልጅ ቢገፋው እንኳ አይወድቅም። በዚህ ቁመት የተቀመጠ ልጅ ከጓደኞቹ ዓይን ይከለላል፣ የቆመ መምህር ግን ያየዋል። ድንኳንና ሙሉ መጋረጃ ያልፈቀዱትም ለዚሁ ነው፤ የተከፋ ልጅ ከአዋቂ ዕይታ መውጣት የለበትም።

መሬቱ ላይ ወፍራም ምንጣፍና ዚፕ ያለው፣ ወልቆ የሚታጠብ ልብስ የለበሱ ሁለት ትራሶች አሉ። መብራቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር የለም። ሽቶና መዓዛ ያለው ሻማ ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ አስም ላለበት ልጅ አደጋ ነው። የስሜት ሥዕሎቹ የተለጠፉት መሬት ላይ በተቀመጠ ልጅ ዓይን ልክ ነው። ፊቶቹም ስድስት ብቻ ናቸው፤ የተበሳጨ ልጅ ከሃያ ሥዕል መሀል መምረጥ አይችልም።

የሚነካኩት ዕቃ ከአምስት እንዳይበልጥ አጥብቀው ነግረውናል። ከዚያ ካለፈ ጥጉ መጫወቻ ቦታ ይሆንና ያልተከፋውም ሁሉ ይሻማበታል። በፊኛ ውስጥ ዱቄት ሞልቶ የሚሠራውን መጭመቂያ አልተቀበሉትም፤ ሲፈነዳ ቁራጩ ትንሽ ልጅ ያንቃል፣ ላስቲኩ አለርጂ የሚቀሰቅስበትም ልጅ አለ። በምትኩ ጠንካራ የስፖንጅ ኳስ አስቀመጡ።

ከሁሉም ልጆቹ የሚወዱት ብልጭልጩ የሚንሳፈፍበትን ጠርሙስ ነው፤ ነቅንቀው ብልጭልጩ ቀስ ብሎ ሲወርድ እያዩ ይረጋጋሉ። አሠራሩን ለጠየቃቸው ሁሉ ስለሚያሳዩ እዚህ ብንጽፈው ቅር አይላቸውም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፤ የመስታወት አይሆንም። ለብ ያለ ውሃ ሦስት እጅ፣ ውሃ የመሰለ ግልጽ ፈሳሽ ሙጫ አንድ እጅ፣ ደቃቅ ብልጭልጭ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ሙጫው ይጓጉላል። ነጭ ሙጫ ከተጠቀማችሁ ውስጡ ደፍርሶ ምንም አይታይም። ሳሙናው ከቀረ ብልጭልጩ ላይኛው ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉ፤ እስከ አፉ ከሞላ ቢነቀነቅም በደንብ አይናወጥም። ክዳኑን ከመለጠፋችሁ በፊት ሞክሩት፤ ብልጭልጩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወስዶ መርጋት አለበት። ቶሎ ከወረደ ሙጫ፣ ከዘገየ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ የክዳኑን ጥርስ በጠንካራ ማጣበቂያ ቀብታችሁ ግጠሙና አንድ ቀን ሙሉ አቁማችሁ አድርቁት። ይህን ሳያደርቁ ለልጅ መስጠት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ምንጣፉ ላይ የሚፈሰው ነገር አይለቅም።

ለአተነፋፈስ ያዘጋጁት ካርድ ላይ ልጁ በጣቱ የሚከተለው መስመር አለ፦ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ረጅም መሆን ያለበት ማስወጣቱ ነው፤ የልብ ምት ቀስ የሚለው አየር ስናስወጣ ነውና። ብዙ አዋቂ «በደንብ ተንፍስ! በደንብ!» እያለ ልጁን በጥድፊያ ያስተነፍሰዋል፤ እንዲህ ሲሆን ራሱን ያዞረዋል እንጂ አይረጋጋም።

እኛ ግን ከዕቃው ሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ለአዋቂዎቹ ስለሰጡት ሥልጠና ነው። ጥጉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ደስ ብሎት ባለበት ሰዓት ገብቶ ተለማመደ። በተናደደ ልጅ ላይ የሚያስበውና የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ለጊዜው ስለሚዳከም፣ አዲስ ነገር የሚማርበት ሰዓት ያ አይደለም። «ሂድና እዚያ ተቀመጥ» ማለት ተከልክሏል። የሚባለው «ጥጉ ይሻልሃል ወይስ እዚሁ አብሬህ ልሁን?» ነው። ጎትቶ ማስገባት የለም፤ አንድ ጊዜ ቅጣት ከሆነ በኋላ ልጆቹ በፈቃዳቸው አይሄዱበትም። አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ብቻውን አንልክም፤ አዋቂው ከጎኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱ አይደለም፣ ንግግርም አያበዛም። የአምስት ደቂቃዋ የአሸዋ ሰዓት ጊዜን ታሳያለች እንጂ አታስወጣም፤ ካልበቃው ራሱ ይገለብጣታል።

ሲመለስ ያቋረጠው ሥራ ይጠብቀዋል። ይህ ካልሆነ ጥጉ ከሒሳብ ማምለጫ ይሆናል። ማን፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከምን በኋላ እንደገባ የምንጽፍበት ደብተርም አስጀምረውናል፤ ይህ ሐሳብ በእኛ ግምት ከሁሉ ይበልጣል። ሁልጊዜ በንባብ ሰዓት ወደ ጥጉ የሚሄድ ልጅ ካለ ችግሩ ጠባዩ ላይሆን ይችላል። ዓይኑን ማስመርመር፣ የንባብ ደረጃውንም ማየት ያስፈልጋል።

ለቤትም ሠርተው ያውቃሉ። ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፦ ከቴሌቪዥን መራቅ፣ ስልክ አለማስገባት፣ ወንድምና እህት በአንድ ጊዜ አለመግባት፣ ሶኬትና የመጋረጃ ገመድ ከልጁ እጅ ማራቅ። ወላጅ ራሱ ሲናደድ «እኔም ትንሽ ልቀመጥ» ብሎ ቢገባ ደግሞ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ልጅ ካለ ጥጉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት እንዳለበት በግልጽ ይናገራሉ። ዕቃ ለመሸጥ የሚጣደፍ ሰው ይህን አይልም።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ አስፈቅደን እናገናኛችኋለን። ከመምጣታቸው በፊት የክፍሉን ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ አንሱ፣ የልጆቹን ዕድሜና ብዛት ጻፉ፣ አለርጂ ወይም አስም ያለበትን ለይታችሁ አሳውቁ። ዕቃ አስቀድማችሁ አትግዙ። ሌላ ባለሙያ የምትጠሩ ከሆነም መጀመሪያ «አዋቂዎቹን ታሠለጥናላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።