የጣሪያ አሸንዳ ከመግዛትዎ በፊት ቀና ይበሉ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ እና ድሬዳዋ ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የቆየው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያባራ ብወጣ የጓሮው አሸንዳ ከነመያዣው ተነቅሎ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። እስከ አፉ በረዶ ሞልቶታል፤ ከበረዶው ሥር ደግሞ በበጋው ያልጠረግሁት የጽድ ቅጠል ተጋግሯል። የሰቀለው ባለሙያ መያዣዎቹን በየሜትር ተኩሉ አራርቆ ነበር የመታቸው። እኔም ስዋዋል ስለ ሜትሩ ዋጋ እንጂ ስለ መያዣው አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ከዚያ ወዲህ «የላሜራ ይሻላል ወይስ የፕላስቲክ?» ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ መልሴ ጥያቄ ሆኗል፤ ቤቱ የት ነው? ከጣሪያው በላይስ ምን ዛፍ አለ? አሸንዳን የሚጨርሰው ውሃው ብቻ አይደለም። ከውሃው ጋር የሚወርደውና በበጋው ወራት ውስጡ የሚጠራቀመው ነገር ነው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ሮቶ በአንድ ከሰዓት ይሞላል። ይህ ውሃ ሁሉ በጠፈጠፍ ከወረደ የጭቃ ግድግዳ እግሩ ይበሰብሳል፣ የጎረቤት ግቢ ከሆነ የሚያርፍበት ደግሞ ጠቡ ከግድግዳው ይቀድማል። ስለዚህ እዚህ አሸንዳ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

የፕላስቲክ አሸንዳ በዋጋም በአሠራርም ይማርካል፤ አይዝግም፣ ብየዳ አይፈልግም። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የበጋው ፀሐይ ምሕረት የለውም። ፕላስቲኩ እየነጣ ይደርቃል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በረዶ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሌላው ችግር የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ሙቀት መራራቅ ነው። 10 ሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ አሸንዳ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ ላሜራው ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መጋጠሚያው ላይ መላወሻ ካልተተወለት በየዓመቱ በሲሊኮን እየደፈኑ መኖር ነው። ለአዲስ አበባ ምርጫዬ ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው፤ ጌጁ (የቆርቆሮው ውፍረት መለኪያ) 28 ቢሆን፣ መያዣውም በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቢመታ። ሻጭ «ጌጅ 32 ነው፣ ቁጥሩ ይበልጣል» ቢልዎ እንዳይታለሉ፤ በጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል።

ብዙ ሰው ከጽዳት ለመገላገል የሽቦ ወንፊት ያለብሳል። የግራቪሊያ ወይም የማንጎ ቅጠል ላለበት ግቢ ጥሩ ነው። ጽድ ካለ ግን ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ መርፌ የሚያክለው ቅጠሉ በወንፊቱ ቀዳዳ እየሾለከ ውስጥ ይጋገራል፣ ለመጥረግም ወንፊቱን መንቀል ግድ ይሆናል። ግንቦት ሳያልቅ አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ አንዴ በእጅ መጥረግ ይበልጣል።

ጅማ ሲደርሱ ምክሬ ይገለበጣል። እዚያ ዝናቡ በሦስትና በአራት ወር አይወሰንም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ይዘልቃል። የእህቴ ቤት በትልልቅ ዛፎች መካከል ነው ያለው። የላሜራው አሸንዳ ከታች ሲያዩት ደህና ይመስል ነበር፤ መሰላል አቁሜ ቅጠሉን ስዝቅ ግን ጥቁር አፈር ሆኖ ጠበቀኝ፣ ችግኝ ሳይቀር በቅሎበታል። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ በጣቴ ተበሳ። እርጥብ ቅጠል ለወራት ሲተኛበት የዚንክ ልባሱ ያልቅና ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ የተቀባው ቀለም ለዚህ አያድንም። ፕላስቲክ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በጥላ ሥር ስለሚውል ፀሐይ ቶሎ አያደርቀውም፣ እርጥበቱም አይነካውም። ልክ እንደ ላሜራው በየሁለት ወሩ መታየት አለበት፣ ግን ቢረሱት ይደፈናል እንጂ አይበሳም።

ድሬዳዋ ላይ ዓመታዊው ዝናብ የአዲስ አበባን ግማሽ ቢያክል ነው፤ ስለዚህ ጠባቡን ርካሽ አሸንዳ የሚገዛ ብዙ ነው። ስሕተት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ባንዴ ነው የሚያወርደው፤ ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቁ የደቻቱ አሸዋ በአንድ ሌሊት ወንዝ እንደሚሆን የከተማው ሰው በ1998 ዓ.ም. ክረምት በመራራ መንገድ አይቷል። ሰፊ አሸንዳና በሁለት ጫፍ መውረጃ ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ በበጋው የተከማቸው አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ክርኑ (መታጠፊያው) ላይ ይዘጋል። አቧራውን ዝናቡ ሳይመጣ በደረቁ በመጥረጊያ ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፕላስቲክ በዚያ ሙቀት ስለሚለምጥ በመያዣዎቹ መካከል ሆዱ ይወርዳል። ላሜራ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይዝግበትም፤ በጌጅ 30ም ቢሠራ አልከራከርም።

የትም ይግዙ የት፣ ሠራተኛው መሰላሉን ሳያነሳ አንድ ባልዲ ውሃ ከመውረጃው ራቅ ካለው ጫፍ ያፍስሱ። ለ10 ሜትር ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ካለ ውሃው ሳይቆም ይወርዳል። መሐል ላይ ኩሬ ከሠራ ቀሪውን ሂሳብ አይክፈሉ።