ለጨቅላው የታይሮይድ ምርመራ፦ የተረከዝ ጠብታ ወይስ የደም ሥር ደም?

የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን አጥሮት የሚወለድ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል፤ ይጠባል፣ ይተኛል። ሆርሞኑ ካልተተካለት ግን አእምሮው ይጎዳል። የወንዱን 40፣ የሴቷን 80 የክርስትና ቀን፣ ወይም የ45 ቀኑን ክትባት መጠበቅ አያዋጣም፤ ሕክምናው በ2 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚበጀው።

የተረከዝ ጠብታ፦ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ የሠለጠነ አዋላጅ ጤና ጣቢያ ላይ ይወስደዋል። ተረከዙ ይሞቃል፣ ጎኑ (መሐሉ አይደለም) ይወጋል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ቀጣዩ በደም መምጠጫ ወረቀት ላይ የታተመውን ክብ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ጠብታ በጠብታ ላይ መደረብ ውጤቱን ያበላሻል። ወረቀቱ ከፀሐይ ርቆ፣ በጠፍጣፋ ቦታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ ከሰከላም ከደጋ ዳሞትም ባሕር ዳር ድረስ ያለ በረዶ ይጓዛል። ችግሩ ጊዜው ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው የአንጎል ሆርሞን) በተፈጥሮው ስለሚያሻቅብ ከ48 ሰዓት በፊት የተወሰደ ናሙና በከንቱ ያስደነግጣል። አራሷ ደግሞ በ24 ሰዓት ወደ ቤቷ ትገባለች።

የደም ሥር ደም፦ ቲኤስኤችንም ነጻ ቲ4ንም (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን) ይለካል፤ ከአንጎል በኩል የሚመጣውን፣ ቲኤስኤች ብቻውን የሚስተውን ጉድለትም ያሳያል። ግን የጨቅላ ደም ሥር ማግኘት የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ቤቷ ሩቅ ለሆነ አራስ፣ ሕፃኑም ደኅና ከሆነ፣ ወረቀቱ ይሻላል። ቢጫነቱ ለረዘመ፣ እምብርቱ ላበጠ፣ ወይም ወረቀቱ ከፍ ያለ ውጤት ላሳየ ሕፃን የደም ሥሩ ግድ ነው። ያለጊዜው የተወለደ በየትኛውም ቢመረመር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገምለት። የወረቀቱ ቲኤስኤች በሊትር ከ40 ሚሊዩኒት በላይ ከሆነ ማረጋገጫው ደም እንደተቀዳ ሌቮታይሮክሲን (ሆርሞኑን የሚተካው ኪኒን) ይጀመራል፣ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም በቀን፤ ተፈጭቶ በጥቂት የእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይሰጣል እንጂ ጡጦ ውስጥ አይጨመርም።