«ድፍረት» ወይስ «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ»? የቱን ልግዛ ለምትሉ

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለችልኝ። «ልጆቹ ስለ አገራቸው አንድ ደህና ፊልም ይዩ፣ ሁለት አግኝቻለሁ፣ የቱን ልግዛ?» አለች። አንዱ «ድፍረት»፣ ሌላው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ»። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፣ ሁለተኛውንማ መጽሐፉንም አንብቤዋለሁ። በስልክ ያልኳትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የሚገርመው የሁለቱም ዳይሬክተር አንድ ሰው ነው፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ። ስለዚህ «የሠራው ሐበሻ ነው ወይስ ፈረንጅ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። እኔ የለየኋቸው በጆሮዬ ነው። ሰዎቹ ሲጣሉ፣ ሲለምኑ፣ ሲማማሉ በምን ቋንቋ ነው?

ከ«ድፍረት» ልጀምር። ስሙ ራሱ ሁለት ስለት አለው፣ ጀግንነትም መደፈርም ነው። ይህን ለፈረንጅ ጓደኛዬ ላስረዳ ሞክሬ ግማሽ መንገድ ላይ ትቼዋለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። አንጀሊና ጆሊ ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር ስለሆነች ብዙ ሰው በሷ ስም ነው የሚያውቀው፣ ፊልሙ ውስጥ ግን አትጠብቋት፣ የለችም። ታሪኩ እውነተኛ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ስታመልጥ ጠመንጃውን ይዛ ትሮጣለች፣ ሲደርሱባት ጠላፊዋን ትገድላለች። ከዚያ በኋላ በነፍስ ግድያ የተያዘችውን ልጅ ለማዳን ጠበቃዋ የምታደርገው ግብግብ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። እሳቸውን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ነች፣ ልጅቷን ደግሞ ትዝታ ሐገሬ።

እኔን የያዘኝ የሽማግሌዎቹ ትዕይንት ነው። ዛፍ ሥር ተሰብስበው ስለ አንዲት ሕፃን ሕይወት ይነጋገራሉ፣ ልጅቷ ግን እዚያ የለችም። ማንም እንደ ሰይጣን አይጮኽም። ተራ እየጠበቁ፣ እየተከባበሩ፣ በለሰለሰ አማርኛ ነው የሚፈርዱባት፣ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ጠለፋ ያኔ ባህል ብቻ አልነበረም፣ ሕጉም አብሮ ይተኛ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ይህ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ልጆቻችሁ «ለምን ፖሊሶቹ አልረዷትም?» ሲሏችሁ መልሱ እዚህ ጋ አለ።

እንከኑስ? ሁለተኛው ግማሽ ላይ ጠበቃዋ አንዳንዴ ሰውን ሳይሆን አዳራሽ ሙሉ ታዳሚ የምታናግር ትመስላለች። ከዚያ የሚበልጥ ሁለት ነገር ደግሞ አለ። ታሪኩ የተፈጸመው አርሲ ነው፣ እዚያ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፣ ፊልሙ ግን አማርኛ በአማርኛ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ብዙም አይታየንም፣ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ሲያደርገው ግን ቶሎ ያመናል። ሁለተኛው፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ በፍርድ ቤት እገዳ ቆሟል። የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት «የኔን ሕይወት ሳትጠይቁኝ» ብላ ስለከሰሰች ነው። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ታየ። እኔ ሁለቱንም እያወቅኩ ፊልሙን እወደዋለሁ፣ እናንተም አውቃችሁ ብትገዙት ይሻላል።

አሁን ወደ «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ»። መነሻው የካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ ልብ ወለድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ። ጊብ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነች፣ ሐረር ኖራ አጥንታለች፣ ያም መጽሐፉ ላይ ይታወቃል። ወላጆቿ አፍሪካ ውስጥ ጥለዋት የሄዱ እንግሊዛዊት ልጅ፣ ሊሊ፣ ሞሮኮ በሱፊዎች እጅ አድጋ ሐረር ትመጣለች፣ ቁርዓን ታስተምራለች፣ ከሐኪሙ አዚዝ ጋር ትዋደዳለች፣ ንጉሡ ሲወርዱ ደግሞ ወደ ለንደን ትሰደዳለች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ሲወጣ ሊሊን የምትጫወተው ዳኮታ ፋኒንግ ናት መባሉ ኢንተርኔቱን አናወጠው። «ነጯን ኢትዮጵያዊት አደረጓት» ተባለ። እሱስ ስህተት ነው፣ ገጸ ባሕርይዋ መጽሐፉም ውስጥ ነጭ ነች፣ ተዋናይቷም ይህንኑ ወጥታ ተናግራለች።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የሊሊን የለንደን የስደት ጓደኛ አሚናን የምትጫወተው ዉንሚ ሞሳኩ ትውልዷ ናይጄሪያ ነው፣ አዚዝን የሚጫወተው ያህያ አብዱል-ማቲን ደግሞ አሜሪካዊ ነው። ጎበዞች ናቸው፣ በተለይ ሞሳኩ ለንደን ላይ ፊልሙን ተሸክማ የምትሄደው እሷ ነች። ግን ዋናዎቹ የሐረር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲዋደዱና ሲሰነባበቱ ሐረር ጀርባ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይሆናል። ጀጎል አለ፣ ግንቡ አለ፣ ቀለሙ ያምራል፣ ጆሮ ግን ሐረርን አያገኛትም። መጽሐፉ ላይ ያ አይሰማም፣ ምክንያቱም አንባቢ ቋንቋውን ራሱ በጭንቅላቱ ይሞላዋል። ስክሪን ይህን ዕድል አይሰጥም። ደግሞ መጽሐፉ ላይ ቀስ ብሎ የሚበስለው የሐረር ቤት ውስጥ ኑሮ፣ የሴቶቹ ወሬ፣ ፊልሙ ላይ በሩጫ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን እንዲህ ብታወጡት እላለሁ። «ድፍረት»ን ግዙት፣ አንዴ አይታችሁ የምትተዉት አይደለም። «ስዊትነስ»ን ለአንድ ምሽት ተከራዩት፣ በተለይ ለንደን ወይም ሌላ አገር በስደት የኖረ ዘመድ ካላችሁ የስደተኞቹ ክፍል ይነካችኋል። የመግዣው ብር እጃችሁ ላይ ካለ ግን መጽሐፉን ግዙበት፣ ሳስበው ፊልሙን ካየሁ በኋላ ሳይሆን በፊት ማንበቤ ነው ያበሳጨኝ።

ልጆቹ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ከሆኑ ሁለቱንም ተዉአቸው። ጠለፋውን ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ «ድፍረት» ይከብዳቸዋል። ለነሱ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል የገባው፣ ከበጉ ጋር የማይለያየው የኤፍሬም ታሪክ። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማረስ አለበት ይላል። ይህኛው ምንም ማብራሪያ አይፈልግም፣ የኔዎቹ ሳቁበት፣ በጉ ሊታረድ ነው ሲባል ደግሞ አለቀሱ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዲስክ ከሆነ የምትገዙት ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ከሥር የሚሄደውን የትርጉም ጽሑፍ እዩት። እኔ አንዴ የገዛሁት የ«ድፍረት» ቅጂ የእንግሊዝኛው ትርጉም ከንግግሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ይቀር ነበር፣ አማርኛ የማይሰሙት ልጆች ዳኛው የተናገረውን ተከሳሿ የተናገረች መስሏቸው ሙሉ ችሎቱን ገልብጠው ነው የተረዱት።